ገደል ማሚቶን በእግር መንዳት

ባለፈው የመገናኛ በዓላችን ማታ፣ እራት ተበልቶ ጊታሩ ከመጣ በኋላ፣ ከእኛ በኋላ ግቢ የገባ አንድ ልጅ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና «ያንን የኢኮ ፔዳል ብቻህን የሠራኸው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ወዲያው ሌላ ሰው ጠራውና ተነሥቶ ሄደ። ያቺ «አዎ» ግን ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች። የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ግቢያችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ብለው ሲደውሉ ስለ ሕንፃዎቹ ወይም ስለ ዲኖቹ የምጽፍ መስሏቸው ይሆናል። ስለ እነሱ የጻፈ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ከዋንዛ እንጨት፣ ከተጣለ የቪሲዲ ማጫወቻና ከአንድ ክር ስለተሠራ ፔዳል ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ነው አልልም፤ በግቢያችን ግን የዘመን ጓደኞቼ ሁሉ ያውቁታል፣ የሚያውቁትም በተሳሳተ መልኩ ነው። ያሳሳትኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሙያው ውጭ ላላችሁ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ልጅ ሆነን ገደል አፋፍ ላይ ቆመን ስንጮኽ ድምፃችን ተመልሶ ይመጣ ነበር፤ ገደል ማሚቶ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ገደሉ ከእኛ 34 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ሄዶ ለመመለስ 68 ሜትር ይጓዛል፣ ይኸውም 200 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ጊታር ተጫዋቾች «ዲሌይ» ወይም «ኢኮ» የሚሉት መሣሪያ ይህንን ገደል በሣጥን ውስጥ ማስገባት ነው። ሕብረቁምፊውን አንዴ ትመታዋለህ፣ ሣጥኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይደግምልሃል፤ ድጋሚውን ደግሞ ይደግመዋል፣ እየደከመ እየደከመ ይጠፋል። የሣጥኑ ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ ገደሉ ምን ያህል ይራቅ? በሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ገደሉን ለማቅረብ መራመድ ይበቃል። ሁለት እጁ ጊታር ላይ ያለ ሰው ግን በምን ያቅርበው?

የዓለሙን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ የነበረው ቴፕ ነው። በቴፕ መቅጃ ላይ ድምፅ የሚቀዳው ጭንቅላትና የሚያነበው ጭንቅላት በመካከላቸው ጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት አለ። ቴፑ በሰከንድ 19 ሴንቲሜትር ቢሮጥና ርቀቱ 4 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የተቀዳው ድምፅ ለመነበብ 210 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሌስ ፖል በዚህ ተጫውቷል፤ የሜምፊሱ ሳም ፊሊፕስ በሳን ስቱዲዮ ውስጥ በዚሁ ዘዴ የሮክ ኤንድ ሮልን ድምፅ ቀርጿል። በኢሊኖይ ግዛት ካይሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ሬይ በትስ የሚባል ባለሱቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴፑን አምፕሊፋየር ውስጥ ከተተው። ቼት አትኪንስ ገዛው፣ ቀጥሎም የኤልቪስ ጊታሪስት ስኮቲ ሙር። በለንደን ቻርሊ ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1958 ኮፒካት የተባለውን ትንሽ ሣጥን አወጣ። ጣሊያኖች ቢንሰን ኢኮሬክ በተባለው መሣሪያቸው ቴፑን ትተው የሚሽከረከር ማግኔታዊ ከበሮ ተጠቀሙ። አሜሪካኖች በኢኮፕሌክስ ላይ አንዱን ጭንቅላት በእጅ የሚገፋ አደረጉት። ይኸው እንግዲህ፤ ገደሉን ማቅረብና ማራቅ ተቻለ፣ በእጅ ቢሆንም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1974 ሮላንድ አርኢ 201ን ይዘው መጡ። እነዚህ ሁሉ ቴፑ ወይም ከበሮው የሚያረጅባቸው፣ ሞተር የሚያስፈልጋቸው፣ ከባድና ውድ ዕቃዎች ነበሩ።

ለውጡ የመጣው ከፊሊፕስ ላቦራቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሳንግስተርና ቴር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ድምፅን ያለ ቴፕ የሚያዘገይ ሰርኪውት አቀረቡ። ስሙ «የባልዲ ብርጌድ» ነው፤ እሳት ለማጥፋት ተሰልፈው ባልዲ ከሚቀባበሉ ሰዎች የተወሰደ። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ በመሰላል ተደርድረው ብሎኬት በሚቀባበሉት የቀን ሠራተኞች ይሰየም ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ የያዘውን ኤሌክትሪክ ወደ ጎረቤቱ ያቀብላል። ማትሱሺታ የሠራው ኤምኤን 3005 የተባለው አይሲ 4096 እንዲህ ዓይነት ደረጃዎች ነበሩት፤ ሰዓቱ በሰከንድ 10,000 ጊዜ ሲመታ ድምፁን 205 ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል። አለቃው ቶሎ ቶሎ ካጨበጨበ ብሎኬቱ ቶሎ ይደርሳል፣ ቀስ ካለ ይዘገያል። ልብ በሉ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ገደሉን ማራቅ ማለት ከእንግዲህ ጭንቅላት መግፋት ሳይሆን የአለቃውን ጭብጨባ ማዘግየት ነው። ይህንንም አንድ ቮልዩም፣ ማለትም አንድ ፖቴንሽዮሜትር ያደርገዋል። ቦስ እ.ኤ.አ. በ1978 ዲኤም 1ን፣ በ1983 ደግሞ ዲጂታሉን ዲዲ 2 አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የላይን 6 ዲኤል 4 ከጎኑ ለእግር መቆጣጠሪያ የሚሆን ቀዳዳ ነበረው። እኛ ግቢ ግን ዲኤል 4ን ያየነው በፎቶ ብቻ ነበር።

ወደ አገራችን ስመጣ ትንሽ ዘና ብዬ ልጻፍ፤ የምወደው ቦታ ነውና። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬኮርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ የወጡትን ዘፈኖች አባቴ ቤት ውስጥ ሲያጫውት ነው ያደግኩት። ቆይቶ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ስገባ እነዚያኑ ዘፈኖች በሌላ ጆሮ ሰማኋቸው። ድምፁ ላይ ያለውን ማስተጋባት መቁጠር ጀመርኩ። ይኼ ከስቱዲዮው ነው? ይኼ ከመሣሪያው ነው? እያልኩ። በደርግ ጊዜ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ ሰዓት እላፊ ስለነበር ባንዶቹ ሆቴል ውስጥ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደ፣ ከአባላቱም እዚያው የቀሩ ነበሩ። የአይቤክስና የሮሃ ጊታሪስት ሰላም ስዩም ደግሞ በኋላ ታሪክን በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው፤ ጊታርና ታሪክ በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉ ማስረጃዬ እሱ ነው፣ ይህን ጽሑፍ ስጀምርም የተጽናናሁት በዚሁ ነው።

ታዲያ እኛ ግቢ በነበርንበት በ1990ዎቹ የሚወጡት ካሴቶች በአብዛኛው በኪቦርድ የተሠሩ ነበሩ። ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። ማሽን አይፈጥንም፣ አይደክምም፣ አይሞቀውም። ለማሽን ከበሮ ኢኮህን አንዴ ታስተካክላለህ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አትነካውም። የእኛ የግቢ ባንድ ግን ማሽን አልነበረውም። ድራመራችን የሜካኒካል ልጅ ነበር፤ ደግ ሰው፣ ጎበዝ ሰው፣ ግን ሕዝቡ ሲጨፍር እግሩን መያዝ የማይችል። ችግሩ ሁሉ የጀመረው ከእሱ እግር ነው ብል አላጋነንኩም።

ቁጥሩን ላሳያችሁ። ጭክችካን በደቂቃ 110 ምት ብትጀምረው አንዱ ምት 545 ሚሊሰከንድ ነው። ምቱ ለሦስት ይከፈላል፣ አንዷ ቁራጭ 182 ሚሊሰከንድ ገደማ ትሆናለች። ጊታሪስታችን፣ የሲቪል ልጅ፣ ኢኮውን እዚያች ቁራጭ ላይ ሲያስቀምጣት አንዱ ጊታር ሁለት ሦስት ጊታር ይመስል ነበር። ግን ዘፈኑ ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ድራመሩ 120 ላይ ነው። ቁራጯ አሁን 167 ሚሊሰከንድ ሆናለች። ልዩነቱ 15 ሚሊሰከንድ ነው፤ የመጀመሪያው ማስተጋባት ላይ ማንም አያውቅብህም። ሁለተኛው ላይ 30 ይሆናል፣ ሦስተኛው ላይ 45። ያኔ ጊታሩ ደረጃ ላይ ተደነቃቅፎ እንደሚወርድ ሰው ይሆናል። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ቮልዩሟን ሊያዞር ሲሞክር ጊታሩ ይቆማል። «ሦስተኛ እጅ ሥራልኝ» አለኝ አንድ ቀን ላውንጅ ሻይ እየጠጣን። 1995 ዓ.ም. ነው። እኔም የሴሚስተር ፕሮጀክት ርዕስ እየፈለግኩ ነበርና «እግርህስ ምን ሠርቶ ይበላል?» አልኩት።

ኢኮው ራሱ የመጣው ከምናለሽ ተራ ነው። በዚያን ጊዜ በየቤቱ የነበሩት የቪሲዲ ማጫወቻዎች ከፊታቸው የማይክ ቀዳዳና «ኢኮ» የተጻፈባት ቮልዩም ነበራቸው፣ ለካራኦኬ። ሲዲ ማንበብ ያቃተው አንድ ማጫወቻ በጥቂት ብር ገዛን። ውስጡ 16 እግር ያላት አይሲ አገኘን፤ ፒቲ 2399፣ የታይዋን ሥራ። የመረጃ ወረቀቷን ኢንተርኔት ቤት ገብተን አሳተምን። 5 ቮልት ይበቃታል። በውስጧ ድምፁን ወደ ቁጥር ቀይራ በ44 ኪሎቢት ማስታወሻ ታስቀምጠዋለች። ከሁሉ የሚያስደስተው 6ኛዋ እግሯ ነው። በዚያች እግርና በመሬት መካከል የምታስገባው ሬዚስተር የመዘግየቱን ጊዜ ይወስናል፤ 27.6 ኪሎኦም ብታስገባ 342 ሚሊሰከንድ፣ ግማሽ ኪሎኦም ብታስገባ 31 ሚሊሰከንድ። ለ182 ደግሞ 13 ኪሎኦም ተኩል አካባቢ ያስፈልግሃል። እንግዲህ ሥራው ቀላል መሰለኝ፤ በሬዚስተሩ ፋንታ ቮልዩም አስገባ፣ ቮልዩሙን በእግር አዙር፣ አለቀ።

ቮልዩምን በእግር ማዞር ግን የዋዛ ሥራ አልነበረም።

መጀመሪያ ያሰብኩት የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ፔዳል ነበር። አክስቴ ቤት አንድ አሮጌ ነበረ። ሣጥኑ ያምራል፣ እግር ይመቸዋል። ከፍቼ ብለካው በውስጡ ያለው ተቃውሞ የሞተር ፍጥነት ለመቀነስ የተሠራ፣ ከእኔ ፍላጎት ጋር የማይገናኝ ትንሽ ኦም ሆኖ ተገኘ። መልሼ ገጠምኩት፣ አክስቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። ቀጥሎ ግቢያችን ጀርባ ካለ አናጢ ሁለት የዋንዛ ጣውላ አስቆረጥኩ። በበር ማጠፊያ አገናኘኋቸው፣ ከላይ እግር እንዳያንሸራትት የጎማ ቁራጭ ለጠፍኩ። ፔዳል ሆነ። ቮልዩሙን ከጎን አስሬ በትንሽ የብረት ዘንግ ከላይኛው ጣውላ ጋር አያያዝኩት።

25 ኪሎኦም ቮልዩም መርካቶ አልተገኘም፤ ያለው 50 ነው። እዚህ ላይ የሠራሁትን ልናገር፣ ይህቺ የእኔ ናትና። በ50ው ቮልዩም ጎን 47 ኪሎኦም ሬዚስተር በትይዩ አደረግኩ፤ ከፍተኛው ወደ 24 ኪሎኦም ወረደ። ቮልዩሙ ግን ሙሉ በሙሉ ለመዞር 300 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፣ የእኔ ዘንግ ደግሞ እግሬን እስከ ጥግ ብረግጥ 60 ዲግሪ ብቻ ያዞረዋል። ገደሉ ከ34 ሜትር ተነሥቶ ጥቂት ሜትር ብቻ ይንፏቀቃል። በዋው ፔዳሎች ውስጥ ይህንን የሚፈታው ባለጥርስ ዘንግና ትንሽ ጥርሳም መዘውር ነው። ያንን የሚቀርጽ ማሽን ወርክሾፕ ውስጥ ነበር፤ ተራ ለማግኘት ግን ከሜካኒካል ልጆች ኋላ መሰለፍ ነበረብኝ፣ የፕሮጀክት ማስረከቢያው ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ፔዳሉን ይዤ የኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ ገባሁ። የላቦራቶሪውን ቴክኒሻን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው። ነጭ ጋወኑ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት መፍቻ፣ በግራ ጆሮው ላይ እርሳስ። ዩኒቨርሲቲ ከመቀጠሩ በፊት ራዲዮ ይጠግን ነበር።

«ምን ሆነህ ነው ፊትህን የጣልከው?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ቮልዩሙ አይዞርልኝም። እግሬ ትንሽ ነው የሚሄደው፣ እሱ ብዙ መዞር ይፈልጋል።»

ፔዳሉን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ረገጠው። ምንም አላለም። ወደ ዕቃ ቤቱ ገባና ሣጥኑ የወለቀ አንድ የድሮ ፊሊፕስ ራዲዮ ይዞ ወጣ። ጣቢያ መፈለጊያውን ቁልፍ በሁለት ጣቱ አዞረው። መርፌዋ በመስተዋቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተጓዘች። ከዚያ ራዲዮውን አገላብጦ ጀርባውን አሳየኝ። ከቁልፉ ተነሥቶ በትናንሽ መዘውሮች ላይ እየዞረ፣ ትልቁን ተሽከርካሪ ጠምጥሞ፣ በቀጭን ሞላ የተወጠረ ክር።

«ይቺን ታያታለህ?» አለኝ። «ክብ ወደ ቀጥታ፣ ቀጥታ ወደ ክብ። ጥርስ ምን ያደርግልሃል?»

ቁጭ ብለን ሠራነው። እውነቱን ልናገር፣ እሱ ሠራ፣ እኔ ያዝኩ። ቮልዩሙ አንገት ላይ የእንጨት የክር ማጠንጠኛ አጠበቀ፤ ስፋቱ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል። ክሩ የሚታሰርበት የጣውላው ቦታ አራት ሴንቲሜትር ይወርዳል። የማጠንጠኛው ዙሪያ 4.7 ሴንቲሜትር ስለሆነ አራት ሴንቲሜትር ክር ሲሳብ ቮልዩሙ 300 ዲግሪ ይዞራል ማለት ነው። ይህንን እኔ በወረቀት አስልቼ ሳልጨርስ እሱ በጣቱ ለክቶ ማጠንጠኛውን መርጦ ነበር። የክሩን አንድ ጫፍ ጣውላው ላይ፣ ሌላውን ሞላ ላይ። እግር ሲረግጥ ክሩ ይስባል፣ እግር ሲነሣ ሞላው ይመልሳል። ከዓመታት በኋላ በአሜሪካ የሚሸጡ የኧርኒ ቦል ቮልዩም ፔዳሎች ተከፍተው ሳይ ውስጣቸው ክርና ሞላ ነበር። ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ አልሳቅሁም።

ክሩ ብቻ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛም አለ። ፔዳሉን ከኢኮው ጋር አገናኝተን በሞከርን በሦስተኛው ቀን ኢኮው ዝም አለ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ዝም። አይሲዋ ተቃጠለች ብዬ ምናለሽ ተራ ተመልሼ ሌላ ማጫወቻ ገዛሁ፤ የወሩ የኪስ ገንዘቤ እዚያው ቀለጠ። አዲሷም ሁለት ቀን ሠርታ ዝም አለች። ጋሼ ሲሰማ አይሲዋን አልነካም፣ መለኪያም አላነሣም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ስታበራው እግርህ የት ነበር?»

አላስታወስኩም። እንደገና ሞከርን። እግሬን አንሥቼ ሳበራው ይሠራል። እስከ ጥግ ረግጬ ሳበራው ዝም ይላል። እግሩ ሲረገጥ ተቃውሞው ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ አይሲዋ ደግሞ በ6ኛ እግሯ ላይ ምንም ተቃውሞ ሳታገኝ ከተነሣች ትቆለፋለች። ጋሼ ከመሳቢያው 2.2 ኪሎኦም ሬዚስተር አውጥቶ በተከታታይ በየዳት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተቆለፈችም። ትንሹ ጊዜ ወደ 50 ሚሊሰከንድ ከፍ አለ፣ ትልቁ 330 ገደማ ሆነ፤ ማንም አልጎደለበትም። ተቃጥላለች ብዬ የጣልኳት የመጀመሪያዋ አይሲም ደህና ነበረች።

የኬብሉን ነገር እኔ ፈታሁት። በመጀመሪያ ፔዳሉን ከኢኮው ጋር ያገናኘሁት በደወል ሽቦ ነበር፤ ማስተጋባቱ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ሽቦው የግድግዳውን 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ እየለቀመ የአይሲዋን ሰዓት ያወዛውዘው ነበር። በሽፋን የተጠቀለለ የማይክ ኬብል ስጠቀም፣ መሐከለኛውን ሽቦ ወደ 6ኛዋ እግር፣ ሽፋኑን ወደ መሬት፣ ቆመ። እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ኬብሉና 47 ኪሎኦሙ የእኔ፣ ክሩና 2.2 ኪሎኦሙ የጋሼ። ያለ እኔ ሁለቱ ፔዳሉ ድምፁ ይረበሽ ነበር። ያለ እሱ ሁለቱ ፔዳሉ አይኖርም ነበር።

በ1996 የጂሲ ማታ አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ድራመሩ እንደ ልማዱ ነው። ሁለተኛው ዘፈን መሐል ላይ ጭክችካው መፍጠን ሲጀምር የጓደኛዬን እግር አየሁት። ጣቶቹ በቀስታ ወደ ታች ወረዱ፣ ፀጉር በሚያክል ልክ፣ ኢኮውም ተከተለ። ዘፈኑ በ110 ተጀምሮ 120ን አልፎ አለቀ፤ ጊታሩ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ያላሰብነው ነገር ደግሞ ትዝታው ላይ መጣ። የአይሲዋ ሰዓት ሲፈጥን በማስታወሻዋ ውስጥ ያለው ድምፅም ይቀጥናል፣ ልክ ካሴት ሲፈጥን እንደሚቀጥነው። ጓደኛዬ የመጨረሻዋን ድምፅ መታና ሕብረቁምፊውን ለቆ ፔዳሉን በቀስታ ረገጠ፤ ማስተጋባቱ እንደ መሰንቆ እየተንሸራተተ ወደ ላይ ወጣ። ሰው ጮኸ። አስቦበት ያደረገው የመሰላቸው ነበሩ። እሱ በኋላ እንደነገረኝ እግሩ ደክሞት ነው የወረደው።

ጋሼ ከኋላ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እግሩን እያየ፣ የጓደኛዬን ሳይሆን የፔዳሉን።

አሁን ወደዚያች «አዎ» ልመለስ። የፕሮጀክት ሪፖርቴ 38 ገጽ ነበር። ሰርኪውቱ ተስሏል፣ ሒሳቡ ተሰልቷል፣ ሠንጠረዥ አለው። በምስጋናው ገጽ ላይ «የላቦራቶሪ ሠራተኞችን በሙሉ» ብያለሁ። ክሩ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ባዶ አራት ማዕዘን ስዬ በውስጡ «ሜካኒካል ማያያዣ» ጽፌበታለሁ። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ አሁን ሳስበው ክፋት አልነበረም ማለት እችላለሁ፣ እውነት ግን አይሆንም። መምህራኑ ፊት ስቆም ክር ማለት አፈርኩ። ከራዲዮ የተፈታ ክር ምህንድስና አይመስልማ! የጋሼን ስም ማንሣት ደግሞ «ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?» የሚል ጥያቄ ያመጣ ነበር። ኤ አገኘሁ። የተመራቂዎች መጽሔት ላይ ከፎቶዬ ሥር «የጊታር ፔዳል ፈልስፎ የሠራ» ተብሎ ወጣ፤ ዓረፍተ ነገሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሪፖርቱን አንድ ቅጂ ለጋሼ ወስጄለት ነበር። ቆሞ ገጽ በገጽ አገላበጠው። 22ኛው ገጽ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዘጋውና በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«ጥሩ ነው ልጄ። ክሩ ግን የለም።»

ይህንኑ ብቻ ነው ያለኝ። እስክመረቅ ድረስ ሰላምታው አልተቀየረም፣ መፍቻም አልከለከለኝም። ሃያ ዓመት አካባቢ ይህችን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴ እንኳ የሰማችው ይህን ጽሑፍ ሳስነብባት ነው።

ባለፈው ወር ደወልኩለት። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ሰፈሩ ውስጥ አሁንም ራዲዮና ቴሌቪዥን ያያል። ስሙን ከነአባቱ በመጽሔታችን ላፍ ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩት። አልፈለገም። «ስሜን ምን ታደርገዋለህ፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ክሩን ጻፍ» አለኝ። ስለዚህ ስሙ እዚህ ያልተጻፈው እንደ ድሮው እኔ ስለደበቅኩት አይደለም።

ፔዳሉ ዛሬ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ፣ በጊታሪስታችን ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። እሱ አሁን ድልድይ ይሠራል፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሠርግ ላይ ይጫወታል። የገዛው አዲስ ዲሌይ አለው፤ ምቱን በእግሩ ሁለት ጊዜ ሲመታ መሣሪያው ራሱ ጊዜውን ያሰላል። ትዝታ ሲጫወት ግን የዋንዛውን ያወጣል፣ ያንን የመሰንቆ መንሸራተት አዲሱ በዚያ መልክ ስለማይሰጠው። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጥሶበት አንዴ በዓሣ ማጥመጃ ክር፣ አንዴ በጥርስ ማጽጃ ክር ተክቶታል። ለዘንድሮው በዓል ይዞት ይመጣል። ሰሞኑን ግን ማጠንጠኛው ላይ ይንሸራተታል ብሎ ጻፈልኝ። ሲረግጠው ክሩ ይሄዳል፣ ቮልዩሙ ይቀራል።

ለጋሼ በስልክ ነገርኩት።

«ስንት ዙር ነው የጠመጠመው?» አለኝ።

ጓደኛዬን ጠይቄ መልሼ ደወልኩ። «ሁለት» አልኩት።

«ሦስት ነው» አለ ጋሼ። «ያኔም ሦስት ነበር። ሞላውንም አንድ ቀለበት ያሳጥረው።»

ያን ማታ ወደ አሜሪካ ደወልኩ። ጓደኛዬ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መፍቻ ሲፈልግ፣ ሲፈታ፣ ሲጠመጥም ሰማሁት። ከዚያ ጊታሩን ሰካ።